ትምህርት ቤት ውስጥ ደም ሲፈስ እንዴት እንያዘው? ለአስተማሪዎች፣ ለሞግዚቶች፣ ለፅዳት ሰራተኞችና ለጥበቃዎች

ኬጂ ወይ አንደኛ ደረጃ የሰራ ሰው ያውቀዋል፣ ደም ሳይታይ የሚያልፍ ሳምንት የለም። ነስር አለ፣ ጉልበት መላላጥ አለ፣ የወተት ጥርስ ክፍል ውስጥ ይወልቃል፣ እረፍት ሰአት ላይ ተጋፍተው ግንባሩ የሚፈነከት አለ፣ ኬጂ ከሆነ ደሞ መናከስ አለ። ሁሌም መጀመሪያ ሮጣ የምትደርሰው አስተማሪዋ ወይ ሞግዚቷ ናት፣ በባዶ እጇ። ልጁን ታቅፋ በነጠላዋ ጫፍ ደሙን ትጠርግለታለች፣ ፊቱን አጥባ ወደ ክፍል ትመልሰዋለች፣ ከዛ ወለሉ ላይ የቀረውን ደም የፅዳት ሰራተኛዋ ተጠርታ በጨርቅ ትወለውላለች፣ ያው ጨርቅ ቀጥሎ ዴስክ ይወለወልበታል። ሁሉም ከቅንነት ነው ሚያደርጉት፣ ግን ቁጭ አድርጎ እንዴት እንደሚሰራ ያሳያቸው ሰው የለም። እና እስኪ ከመጀመሪያው ጀምሮ ልንገራችሁ፣ እናንተ ደሞ ይሄን ለማያነቡት፣ በተለይ ለፅዳትና ለጥበቃ ሰራተኞቹ፣ በቃል ንገሯቸው። ከሁላችንም በላይ ደም የሚነኩት እነሱ ናቸው፣ ስልጠና ሲመጣ ግን የሚጠራው አስተማሪ ብቻ ነው።

በደም የሚተላለፍ በሽታ ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ ሚመጣልን ኤችአይቪ ነው። ለብዙ አመት ፖስተሩም ሚኒ ሚዲያውም ፀረ ኤድስ ክበቡም ስለሱ ሲያስተምር ኖሯል፣ ደግ አድርጓል። ግን ትምህርት ቤት ለምንሰራ ሰዎች ይበልጥ ሊያሳስበን የሚገባው ሄፓታይተስ ቢ ነው፣ ጉበት የሚያጠቃው ቫይረስ። ለምን መሰላችሁ፣ ኤችአይቪ ያለበት ደም በነካ መርፌ የተወጋ ሰው የመያዝ እድሉ ከ1000 ወደ 3 ገደማ ነው። ሄፓታይተስ ቢ ያለበት ደም ከሆነና የተወጋው ሰው ክትባት ከሌለው ግን ከ100 ከ6 እስከ 30 ይደርሳል። ልዩነቱን እዩት። በዛ ላይ የቢ ቫይረስ ዴስክ ላይ ደርቆ በቀረ ደም ውስጥ ቢያንስ 7 ቀን መቆየት ይችላል፣ ማለት ሰኞ የፈሰሰና በደንብ ያልተጠረገ ደም አርብም አደጋ ነው። እዚህ ሀገራችን የተሰሩ ጥናቶች ተሰብስበው ሲታዩ ከ100 ሰው 7 ገደማ ቫይረሱ በደሙ ውስጥ ይገኛል፣ አብዛኛው ደሞ ምንም ስለማያመው አያውቀውም። ሶስተኛው ሄፓታይተስ ሲ ነው፣ ለሱ ክትባት የለውም፣ ግን አሁን በ3 ወር ገደማ በሚወሰድ ኪኒን ይድናል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ስራ ደም ከመፍሰሱ በፊት የሚሰራ ነው፣ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት። የሀገራችን ህፃናት በመደበኛው ክትባት ውስጥ የሄፓታይተስ ቢን ማግኘት የጀመሩት በ1999 ዓ.ም ነው፣ አምስቱን በአንድ የያዘው ክትባት ሲገባ። ከዛ በፊት የተወለድን ሰዎች፣ ማለትም ዛሬ ትምህርት ቤት ውስጥ ደሞዝ የምንበላ ሰዎች በሙሉ ማለት ይቻላል፣ ራሳችን ሄደን ካልተከተብን በቀር አልተከተብንም። መጀመሪያ ተመርመሩ፣ ቀላል የደም ምርመራ ነው፣ ነፃ ከሆናችሁ ክትባቱ 3 ጊዜ ክንድ ላይ ይሰጣል፣ ዛሬ፣ ከ1 ወር በኋላ፣ እና ከመጀመሪያው 6 ወር ሲሞላ። ሶስቱንም የጨረሰ ጤነኛ ሰው ከ10 ከ9 በላይ እድል በደንብ ይጠበቃል። ብዙ ሰው ሁለቱን ወስዶ ሶስተኛውን ይረሳዋል፣ 6 ወር ሩቅ ስለሆነ። ከረሳችሁ ደሞ ከመጀመሪያው መጀመር አያስፈልግም፣ የቀረውን መቀጠል ነው። በየጤና ጣቢያው ላይገኝ ይችላል፣ ሆስፒታልና የግል ክሊኒክ ጠይቁ። ዋጋው ከበዳችሁ እንደ ትምህርት ቤት ተሰባስባችሁ ጠይቁ፣ ለብዙ ሰው አንድ ላይ ሲሆን መደራደርም ይቻላል፣ አሰሪያችሁም ቢሸፍን ወይ ቢያግዝ ተገቢ ነው።

ምርመራው ቫይረሱ አለባችሁ ካለ ደሞ እባካችሁ አትደንግጡ፣ አትደብቁትም። ክትትል የሚፈልግ ነገር ነው፣ ሁሉም ሰው መድሃኒት አይጀምርም፣ መጀመር ያለበት ደሞ በደንብ የሚቆጣጠር ኪኒን አለ። ከማስተማርም ከልጆች ጋር ከመዋልም አያግድም። የትዳር ጓደኛና ልጆች ግን ተመርምረው ቢከተቡ ጥሩ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ህግ ልግባ፣ ይሄን ብቻ ብትይዙ ግማሹን ይዛችኋል፦ የማንም ደም ይሁን፣ ቫይረስ እንዳለበት አድርጋችሁ ያዙት። የዳይሬክተሩም፣ የራሳችሁ ልጅም፣ ትናንት ከገጠር የመጣው ልጅም፣ የዶክተር ልጅም፣ አንድ አይነት አያያዝ። አስተማሪዎች አንዳንዴ "የትኞቹ ልጆች እንዳለባቸው ቢነገረን እንጠነቀቅ ነበር" ሲሉ እሰማለሁ። ጭንቀቱ ይገባኛል፣ ግን ሁለት ነገር ያበላሻል። አንደኛ፣ የተመረመረውን ልጅ ብቻ እየፈራችሁ ያልተመረመረውን በባዶ እጅ ትነካላችሁ፣ አደጋው ያለው ደሞ እዛ ጋ ነው። ሁለተኛ፣ የልጁ ሚስጥር ክፍል ውስጥ ከወጣ ልጁ ትምህርቱን ሊያቆም ይችላል፣ ይሄ ሆኖ ያውቃል። ከኤችአይቪ ጋር የሚኖር ልጅ መድሃኒቱን እየወሰደ እንደማንኛውም ልጅ ይማራል፣ ይጫወታል፣ ወላጅ ለትምህርት ቤት የመንገር ግዴታ የለበትም። ሁሉንም ደም እኩል የምትይዙ ከሆነ ማወቁም አያስፈልጋችሁም።

የማያስተላልፈውንም እናንሳው፣ አላስፈላጊ ፍርሃት ልጆችን ይጎዳል። አብሮ ከአንድ ትሪ መብላት፣ መሳም፣ ማቀፍ፣ ሽንት ቤት መጋራት፣ የወባ ትንኝ፣ ላብ፣ እንባ፣ በነዚህ ኤችአይቪ አይተላለፍም፣ ሄፓታይተስ ቢ እና ሲም አብሮ በመብላትና በመተቃቀፍ አይተላለፉም። ሽንት፣ ትውከትና ሰገራ ደም ካልታየበት በቀር እዚህ ከምናወራው ውስጥ አይገባም፣ ሌላ በሽታ ስላለው ግን ያው በጓንት ይጠረጋል። ጤነኛ ያልተሰነጠቀ ቆዳ ላይ ደም ቢነካችሁ ደሞ ቆዳው ይከላከላል፣ በሳሙና መታጠብ ይበቃል።

ችግሩ የአስተማሪ እጅ ብዙ ጊዜ ጤነኛ ቆዳ አለመሆኑ ላይ ነው። ጠመኔ እጅ ያደርቃል፣ ጥፍር ዙሪያ ቆዳው ይላጣል፣ ጣት መገጣጠሚያው ላይ ይሰነጠቃል፣ ሰው ልብም አይለው። የፅዳት ሰራተኛ እጅ ደሞ ከኦሞና ከበረኪና የተነሳ ከዛ ይብሳል። ስለዚህ ጠዋት ከቤት ስትወጡ እጃችሁን እዩት፣ የተቆረጠ የተሰነጠቀ ካለ በፕላስተር ሸፍኑት፣ ማታ ቫዝሊን ተቀቡ። በጣም ትንሽ ነገር ትመስላለች ግን በሽታው የሚገባው በዛች ስንጥቅ ነው።

ዕቃውን በተመለከተ ብዙ አያስፈልግም። የሚጣል ጓንት (አንድ ፓኬት ውስጥ 100 ፍሬ ነው፣ 50 ጥንድ ማለት ነው፣ ለአንድ ክፍል ረጅም ጊዜ ይሄዳል)፣ ጎዝ፣ ፋሻ፣ ፕላስተር፣ ሶፍት፣ ሳሙና፣ ጥቂት ፌስታሎች። ለፅዳት ሰራተኞች ወፍራም የጎማ ጓንት፣ በረኪና፣ ጫማ፣ ሽርጥ። ዋናው የት ይቀመጣል የሚለው ነው። ብዙ ትምህርት ቤት ፈርስት ኤይድ ሳጥን አለው፣ ግን ቢሮ ውስጥ ተቆልፎ ነው ያለው፣ ቁልፉ ምክትሉ ጋ ነው፣ ምክትሉ ወረዳ ስብሰባ ሄዷል። ደም የሚደማ ልጅ ቁልፍ አይጠብቅም። ስለዚህ በየክፍሉ፣ የአስተማሪው ጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ ሁለት ጥንድ ጓንትና ጎዝ ያለበት ትንሽ ፌስታል ይኑር፣ ሜዳ ላይ ተረኛ የሆነ አስተማሪ ደሞ አንድ ጥንድ ኪሱ ውስጥ ይያዝ። የስፖርት መምህሩ የግድ።

ነስር በጣም ስለሚበዛ ረዘም አድርጌ ላስረዳ። ልጁ "ቲቸር ደም!" እያለ ሲመጣ ወይ ጓደኞቹ ሲጮሁ መጀመሪያ እናንተ አትንኩት፣ ራሱን አግዙት። አስቀምጡት፣ ጎንበስ ይበል ወደፊት፣ ሶፍት ወይ ጎዝ ስጡትና በራሱ ጣቶች የአፍንጫውን ለስላሳ ክፍል፣ ከአጥንቱ በታች ያለውን፣ ግራና ቀኝ ጨምቆ ይያዝ፣ በአፉ ይተንፍስ። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ፣ በየመሃሉ ሳይለቅ፣ ልጆች ቆመ አልቆመም ብለው በየደቂቃው ስለሚያዩት ሰአት ያዙለት። ወደኋላ ማንጋለል ደሙን ወደ ጉሮሮ ነው የሚልከው፣ ውጦት ያስመልሰዋል፣ ከዛ ደም ያለበት ትውከት ልትጠርጉ ነው። አናት ላይ ውሃ ማፍሰስም አያቆመውም። አፉ ውስጥ የገባውን ደም እቃ ውስጥ ይትፋ። 6 እና 7 አመት የሆነ ልጅ ይሄን በደንብ ይችላል፣ እናንተ አጠገቡ ቆማችሁ አረጋጉት፣ በጣም ትንሽ ከሆነና እናንተ መያዝ ካለባችሁ ጓንት አድርጋችሁ። 20 ደቂቃ አልፎ ካላቆመ ወይ ከመውደቅና ከመመታት የመጣ ከሆነ ጤና ጣቢያ።

ለሌላውም ቁስል ያው ነው፣ ልጁ በራሱ እጅ ጎዙን ተጭኖ መያዝ ከቻለ እሱ ይያዝ፣ እናንተ ጓንታችሁን እስክታደርጉ። የጭንቅላት ቁስል ትንሽም ሆኖ ብዙ ይደማል፣ አትደናገጡ፣ ተጭኖ መያዝ ነው። ጓንት የለም እንበል፣ ያኔ ንፁህ ፌስታል እጃችሁ ላይ ግጠሙ፣ ወይ ጨርቁን ብዙ ጊዜ አጥፉትና እርጥቡ እጃችሁ ጋ እንዳይደርስ አድርጉ። ጓንት ስለሌለ ብላችሁ የሚደማ ልጅ ቆማችሁ አትዩ፣ በእጅ ላይ የሚሆን ነገር መቼም አይጠፋም። ደም የሚረጭ ከሆነ ፊታችሁን ዘወር አድርጉ፣ አይንና አፍ ቆዳ አይደሉም፣ በቀጥታ ያስገባሉ።

ጓንት ማውለቅ ላይ ሰው በጣም ይሳሳታል፣ ጣት ጣቱን እየጎተቱ ያወልቁና ደሙ እጃቸው ላይ ይቀራል። እንዲህ ነው፦ በቀኝ እጃችሁ የግራውን ጓንት አንጓ አካባቢ ከውጪ ቆንጥጣችሁ ያዙ፣ ቆዳችሁን ሳትነኩ፣ ከዛ ወደ ጣት በኩል እየገለበጣችሁ አውጡት፣ ውስጡ ወደ ውጪ ይሆናል። ያወለቃችሁትን በቀኝ መዳፋችሁ ጨብጡት። አሁን ባዶ የሆነውን የግራ እጅ ሁለት ጣት ከቀኙ ጓንት ስር፣ በአንጓው በኩል፣ ቆዳችሁን ታኮ አስገቡና እሱንም ገልብጣችሁ አውጡ። የመጀመሪያው በሁለተኛው ውስጥ ተጠቅልሎ ይቀራል፣ ደሙ ሁሉ ውስጥ ነው፣ ፌስታል ውስጥ ይጣላል። አንድ ልጅ ላይ ያደረጋችሁትን ጓንት ሌላ ልጅ ላይ አትጠቀሙ፣ አጥባችሁም አታስቀምጡ።

ከዛ እጅ መታጠብ፣ ጓንት አድርጋችሁም ቢሆን፣ ምክንያቱም ጓንት ይቀደዳል። በሳሙናና በሚወርድ ውሃ፣ ጣት መሃልና ጥፍር ስር ሳይረሳ፣ 40 ሰከንድ ገደማ። ቧንቧው ውሃ ከሌለው፣ እንደሚታወቀው ብዙ ጊዜ የለውም፣ ሃይላንድ ሞልታችሁ ክዳኑን ብሱትና አንድ ሰው ያፍስስላችሁ። ሳፋ ውስጥ ተነክሮ መታጠብ ደሙን ከእጅ ወደ ውሃ ከውሃ መልሶ ወደ እጅ ማዞር ነው። ሳኒታይዘር ደም በሚታይበት እጅ ላይ ሳሙናን አይተካም።

ወለል ላይ ያለ ደም። ልጆቹን አርቁ፣ ሁለት ወንበር አቁሙበትና ማንም እንዳይረግጠው። ጓንት፣ ከዛ በሶፍት ወይ በጋዜጣ ወይ በሚጣል ጨርቅ ደሙን መጀመሪያ ማንሳት፣ ፌስታል ውስጥ መክተት። በረኪናውን መጀመሪያ ደሙ ላይ መድፋት ልማድ ሆኗል ግን ደሙ ራሱ የበረኪናውን ጉልበት ይበላዋል፣ ስለዚህ መጀመሪያ ይነሳ። ቀጥሎ የተበጠበጠ በረኪና ቦታው ላይ አፍስሱ፣ 10 ደቂቃ ይቆይ፣ ከዛ ወልውሉት፣ በውሃ አጥቡት። አበጣበጡ ደሞ እንዲህ ነው፣ ጠርሙሱ ላይ 5% የሚል ከሆነ 1 እጅ በረኪና ለ9 እጅ ውሃ፣ 4% ከሆነ 1 ለ7። የቡና ስኒም ይሁን ኩባያ በአንድ አይነት መስፈሪያ ስፈሩት። ቀዝቃዛ ውሃ ይሁን፣ የዛሬውን ዛሬ ተጠቀሙበት፣ ተበጥብጦ ያደረ በረኪና እየደከመ ነው ሚሄደው። ከአሲድ ወይ ከሌላ የሽንት ቤት ማፅጃ ጋር በፍፁም እንዳትቀላቅሉት፣ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል፣ የፅዳት ሰራተኞች "ይጠንክር" ብለው ሁለቱን ሲደባልቁ አይቻለሁ፣ እባካችሁ ንገሯቸው፣ መስኮትም ይከፈት። ሜዳ ላይ አፈር ከሆነ ደሙ ያለበትን አፈር በአካፋ ዛቅ አድርጎ ልጆች የማይደርሱበት የቆሻሻ ጉድጓድ ውስጥ መክተት። ሞፑ በበረኪናው ውሃ ተዘፍዝፎ ታጥቦ ፀሀይ ላይ ይስጣ። የልጁ ልብስ ደም ካለበት ፌስታል ውስጥ ታስሮ ወደ ቤት ይሄዳል፣ ወላጅ በቀዝቃዛ ውሃና በሳሙና ያጥበዋል።

ስለት ላይ ልምጣ፣ እዚህ ጋ ትምህርት ቤቶቻችን ትልቅ ቀዳዳ አለባቸው። ምላጭ። መቅረጫ ስለሚጠፋ ወይ ስለሚሰበር ልጆች እርሳስ የሚቀርፁት በምላጭ ነው፣ ግማሽ የተሰበረ ምላጭ ከዴስክ ዴስክ ሲዞር ይውላል፣ አንዱ ጣቱን ይቆርጣል፣ በደብተሩ ጫፍ ይጠርገውና ለሚቀጥለው ያቀብላል። አስተማሪውም ለትንንሾቹ በዛው ምላጭ ይቀርፅላቸዋል። ይሄን ለማስቆም ክፍል ውስጥ አንድ ሁለት መቅረጫ አስተማሪው ጋ ማስቀመጥ በቂ ነው፣ እና ምላጭ ይዞ መምጣት ክልክል መሆኑን ለወላጅም መንገር። የሰኞ ጠዋት የንፅህና ቁጥጥር ላይ ጥፍር በአንድ ምላጭ ወይ በአንድ ጥፍር መቁረጫ የሁሉንም ልጅ መቁረጥም ይቅር፣ ጥፍሩ ያደገ ልጅ ቤቱ ቆርጦ ይምጣ። ፀጉር በአንድ ማሽን መላጨትም እንደዛው። ባዮሎጂ ላይ የደም አይነት ምርመራ ሰርቶ ለማሳየት የምትፈልጉ መምህራን ደሞ ለያንዳንዱ ሰው አዲስ ላንሴት (ጣት መውጊያ) ከሌላችሁ አታድርጉት፣ "በአልኮል ጠርገነዋል" አይሰራም።

ግቢ ውስጥ የተጣለ ሲሪንጅ ሊገኝ ይችላል፣ በተለይ ክሊኒክ አጠገብ ያላችሁ። ልጆች እንደ ውሃ መርጫ ይጫወቱበታል። ለልጆቹ "አትንኩ፣ አስተማሪ ጥሩ" ብላችሁ ደጋግማችሁ አስተምሩ። ስታነሱት ወፍራም የፕላስቲክ እቃ፣ ባዶ የበረኪና ጠርሙስ ወይ የዘይት ጀሪካን፣ መርፌው አጠገብ መሬት ላይ አቁሙ፣ በሌላ እጃችሁ አትያዙት። ጓንት አድርጋችሁ በፒንሳ፣ ከሌለ በሲሪንጁ ጀርባ በኩል ይዛችሁ፣ መርፌው ቀድሞ እንዲገባ አድርጋችሁ ጣሉት። ክዳኑን መልሳችሁ ልትገጥሙ አትሞክሩ፣ ሰው የሚወጋው እዛ ላይ ነው። እቃው ሶስት አራተኛ ሲሞላ አሽጋችሁ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፣ እዛ የማቃጠያ ቦታ አለ። የስኳር ህመም ያለበት ተማሪ ካላችሁም ኢንሱሊን የሚወጋበት መርፌ እዚሁ እቃ ውስጥ ይግባ እንጂ ቅርጫት ውስጥ አይጣል። የማህፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት ከ2011 ዓ.ም ጀምሮ ለሴት ተማሪዎች ትምህርት ቤት ድረስ እየመጣ ይሰጣል፣ ባለሙያዎቹ ሲጨርሱ ሴፍቲ ቦክሳቸውን (የመርፌ መጣያ ሳጥናቸውን) ይዘው መሄዳቸውን አንድ ሰው ቆሞ ይይ፣ ክፍሉም ልጆች ከመግባታቸው በፊት ይቃኝ። የተሰበረ መስታወት በመጥረጊያና በማፈሻ እንጂ በእጅ አይለቀምም።

ንክሻ ላይ ሰው የሚረሳው ነገር አለ፣ ቆዳ ከተቀደደና ደም ከወጣ የተነከሰው ብቻ ሳይሆን የነከሰውም አፉ ውስጥ ደም ገብቷል፣ ሁለቱም ጤና ጣቢያ ይታያሉ። ቆዳው ካልተበሳ ታጥቦ ያልቃል።

የሴቶች ሽንት ቤት ለብቻው መታየት አለበት። ሞዴስ መጣያ ባልዲ ክዳን ያለው፣ ውስጡ ፌስታል የለበሰ ይሁን፣ የፅዳት ሰራተኛዋ ፌስታሉን አስራ ታወጣዋለች እንጂ እጇን ከታ አትለቅምም። ቆሻሻ ሲሞላ በእጅም በእግርም ተጭኖ ማጎር የለም፣ ውስጡ ምላጭ ወይ መርፌ ሊኖር ይችላል። ፌስታሉን አንገቱ ጋ ይዞ ከሰውነት አርቆ መሸከም፣ እግር እንዳይነካ። ለእትዬዎቻችን ይሄን ሲያስረዱ ትእዛዝ አስመስለው ሳይሆን ለምን እንደሆነ ነግረው ቢሆን ይመረጣል፣ ምክንያቱን ያወቀ ሰው ማንም ሳያየውም ያደርገዋል።

ይሄ ሁሉ ተደርጎም ሊያጋጥም ይችላል። ተጋላጭነት የምንለው መርፌ ወይ ደም የነካ ስለት ሲወጋችሁ፣ ደም አይን አፍ ወይ አፍንጫ ውስጥ ሲገባ፣ ደም የተቆረጠ ወይ የተሰነጠቀ ቆዳችሁን ሲነካ፣ ደም ያስወጣ ንክሻ ሲሆን ነው። ያኔ ወዲያው ቦታውን በሳሙናና በውሃ እጠቡ። አትጭመቁት፣ አትምጠጡት፣ በረኪና ወይ አልኮል ወይ ሎሚ አታፍስሱበት፣ ቆዳውን ከመጉዳት ሌላ ጥቅም የለውም። አይን ከሆነ በንፁህ ውሃ 15 ደቂቃ ያህል እያፈሰሱ ማጠብ፣ አፍ ከሆነ መትፋትና ደጋግሞ መጉመጥመጥ። ከዛ ለዳይሬክተሩ ንገሩ፣ ቀኑን ሰአቱን ምን እንደተፈጠረ ፃፉት፣ ኮፒው እናንተ ጋ ይቅር።

እና ያንኑ ቀን ሂዱ፣ የኤችአይቪ ህክምና ወደሚሰጥበት የመንግስት ሆስፒታል ወይ ጤና ጣቢያ፣ "ደም ነክቶኝ ነው፣ ፔፕ እፈልጋለሁ" በሉ፣ በዚህ ስም ያውቁታል። ኤችአይቪ እንዳይዛችሁ የሚከላከል ኪኒን ነው፣ በነፃ ነው፣ በሰአታት ውስጥ ሲጀመር ነው ጥሩ ሚሰራው፣ ከ72 ሰአት በኋላ አይጀመርም፣ ለ28 ቀን ይወሰዳል። አርብ 9 ሰአት ላይ የተወጋ ሰው ቅዳሜና እሁድን አሳልፎ ሰኞ ጠዋት ቢሄድ ሰአቱ ሊያልቅ ጥቂት ነው የቀረው፣ ስለዚህ በእረፍት ቀንም ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ሐኪሙ ሁኔታውን አይቶ አያስፈልግህም ሊል ይችላል፣ ያ የሱ ውሳኔ ነው፣ እናንተ ቤት ቁጭ ብላችሁ አትወስኑ። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ካልወሰዳችሁ በ24 ሰአት ውስጥ መጀመሩ ከተጋለጣችሁም በኋላ ይረዳል፣ ይሄን እናንተው አስታውሱና ጠይቁ፣ ብዙ ጊዜ ወሬው ሁሉ ኤችአይቪ ላይ ሆኖ ይረሳል። የዛኑ ቀን የደም ምርመራ ይደረግላችኋል፣ ከዛ በ6 ሳምንትና በ3 ወር ይደገማል፣ እስከዛ ኮንዶም መጠቀም፣ ደም አለመለገስ፣ የምታጠባ እናት ደሞ ለሐኪሟ መንገር አለባት።

ልጁን ይዛችሁ ለምርመራ እንዳትሮጡ፣ ወላጁንም ትምህርት ቤት ጠርታችሁ አታፋጥጡ። ያን የጤና ባለሙያው ከወላጅ ጋር በፈቃድ ያደርገዋል። እየጠበቃችሁ ባላችሁበት ጊዜ ጭንቀቱ ከባድ እንደሚሆን አውቃለሁ፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ ግን ቁጥሮቹን አስታውሱ፣ ኤችአይቪ ካለበት ሰው በመርፌ ተወግቶም ከ1000 997ቱ አይያዝም፣ አይን ውስጥ የተረጨ ደም ደሞ ከ1000 ከ1 በታች ነው፣ ይሄ መድሃኒት ሳይወሰድ ነው።

ለአመራሮች አንድ ነገር ልበል። የግል ትምህርት ቤቶች በአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሰረት ለሰራተኛቸው መከላከያ እቃ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው፣ ጓንት የሰራተኛዋ ወጪ አይደለም። የመንግስት ከሆናችሁ ስኩል ግራንቱ ሲታቀድ ጓንትና በረኪና መስመር ተይዞላቸው ይግባ፣ ወተመህ (የወላጅ ተማሪ መምህር ህብረት) ላይ ይነሳ፣ ወላጆች ስለ ልጆቻቸው ሲሆን አይጨክኑም። ግድግዳ ላይ ደሞ አንድ ወረቀት ይለጠፍ፣ በቅርብ ፔፕ የሚሰጥበት ጤና ተቋም ስም፣ ስልኩ፣ ማታና እሁድ የሚከፈት ከሆነ፣ እና 72 ሰአት የሚል በትልቁ። ማስተማሪያ ክፍል፣ የጥበቃ ቤት፣ የፅዳት እቃ ማስቀመጫ ጋ።

መስከረም ላይ ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ባለው ሳምንት አንድ ሰአት ያዙና ሁሉንም ሰራተኛ፣ ጥበቃውንም ካፌ የምትሰራዋንም፣ አንድ ክፍል ሰብስቡ። ለያንዳንዱ አንድ ጥንድ ጓንት ስጡ፣ ጓንቱ ላይ ቀይ ቀለም ይቀቡ፣ ከዛ እላይ እንዳልኩት ያውልቁ። እጁ ላይ ቀይ ነጥብ የተገኘበት ሰው እንደገና ይሞክር፣ ሁሉም ንፁህ እጅ እስኪያሳይ ድረስ።